ሰጋር ሞተር

«አንቺን በበቅሎ ከመላክ በቅሎዋን ብቻዋን መላክ ይሻላል» አሉኝ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ ፊት ለፊት፤ ያውም ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ።

ውሸት አላሉም። ክትባት እንድሰጥ ለሙከራ የተቀጠርኩ ሰሞን የጤና ጣቢያውን በቅሎ ይዤ ከሶር ወንዝ ማዶ ወዳለ መንደር ተልኬ ነበር። በቅሎዋ ትራመዳለች እንጂ አትሄድም። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ነገር ላይ ስቀመጥ ገላዬን ያሳክከኛል። ጅማ ተማሪ ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን «የዚያች ልጅ እግር ከክፍል ይውጣልኝ፤ እሷ ትቅር» ይሉ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ሲወዛወዝ ይውል ስለነበር ነው። እናም መንገድ ላይ ወረድኩና በቅሎዋን ለመንገዱ አደራ ሰጥቼ፣ በቡናው ውስጥ በአቋራጭ ቀድሜ ልጠብቃት ቆረጥኩ። አቋራጭ ማለት ለቸኮለ ሰው የተጠመደ ወጥመድ ነው። እኔ እሾኽና ሐረግ ስነቅል ውዬ ስደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። በቅሎዋ የክትባቱን ሳጥን እንደ ተሸከመች ከዋርካው ጥላ ሥር ቆማለች፤ የመንደሩ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ፊቷ ተሰልፏል። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ከጠዋት ጀምራ ታየናለች፤ ግን ምንም አትል» አሉኝ።

ይህን ወሬ ከእኔ ቀድማ መቱ ያደረሰችውም በቅሎዋ ሳትሆን አትቀርም።

«ታዲያ በቅሎ ካልሆነልሽ በምን ልትዞሪ ነው?» አሉ አቶ ግርማ።

«በሞተር» አልኩ። አፌ ከእግሬም ይፈጥናል።

«በምን?»

«በሞተር ሳይክል። በዶቅዶቄ። እነዳለሁ።»

ወረፋው ሳቀ። ጥርሱን ሊያስነቅል ጉንጩን ይዞ የተቀመጠ ሰውዬ እንኳ ሳቀ። አቶ ግርማ ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ወለወሉና «እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ሞተርሽን ይዘሽ እዚህ በር ላይ ቁሚ። ሳጥኑን እሰጥሻለሁ፤ የሁሩሙን ገበያተኛ ትከትቢያለሽ፤ ሥራውም የአንቺ ነው። ቆመሽ ካላገኘሁሽ ባለ ብስክሌት ሰው ከጎሬ መጥቷል፤ ለእሱ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ይህ ሥራ ቢቀርብኝ ወዴት እንደምሄድ ልንገራችሁ። ጎሬ አክስቴ ቤት። እዚያ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለባልነት ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ስለ ሰውዬው ክፉ አልናገርም፤ ጨዋ ነው፤ ከነጠላው ላይ ጉድፍ አይታይም። ግን አንድ ጊዜ ቤታችን ምሳ ተጋብዞ አይቼዋለሁ። ሲቀመጥ ይቀመጣል። ምሳ ቀርቦ ሲነሣ፣ ውኃ ለእጁ ሲመጣ፣ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ እሱ የተቀመጠባት ቦታ ላይ ነው። ዶሮዎቹ እንኳ ለምደውት በእግሩ መካከል ያልፉ ጀመር። ከእሱ ጋር ዕድሜ ልኬን ስቀመጥ ታየኝና እግሬ መወዛወዝ ጀመረ።

«እነዳለሁ» ማለቴ ግማሹ እውነት ነበር። አባቴ የቡና ነጋዴ ሹፌር ነበር፤ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ብረታ ብረት መካከል ፈላልጎ አንዲት ትንሽ ሞተር ገጣጥሞ ነበር። መጀመሪያ ከፊቱ አስቀምጦ ያንሸራሽረኝ ነበር፤ እግሬ ሲረዝም ብቻዬን ለቀቀኝ። ከቤታችን እስከ ሶር ድልድይ ደርሼ ስመለስ የሰፈሩ ሴቶች ያማትባሉ። አባቴ ሲሞት ሞተሯ ተሸጣ ለተዝካሩ ዋለች፤ እኔም ጅማ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከበቅሎዋ በቀር የነዳሁት የለም፤ እሷንም እንዴት እንደ ነዳኋት ሰማችሁ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ አልታወቀም። «በቅሎ ላይ መቀመጥ ያቃታት እሳት ላይ ልትቀመጥ?» አለች። ያለን ሀብት ሎሚ የምትባል በቅሎ ነበረች፤ ሎሚን ሰጥቼ ሞተር ልለውጥ እንደፈለግሁ ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠች። ብዙ ለመንኳት። በመጨረሻ «ተሰማ ሳያየው በቅሎዬን ከምንም ነገር ጋር አልለውጥም» አለች።

ጋሼ ተሰማ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። መቱ ውስጥ እሳቸው ሳይመረምሯት ባለቤት የለወጠች በቅሎ የለችም ይባላል። እንዲህ የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ያለ ኦቦ ገመቹ ግን ገበያ አይወጡም። ኦቦ ገመቹ ከሁሩሙ በኩል ማር የሚያመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ወዳጆች ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። ጋሼ ተሰማ ሰማዩ ጠቁሯል ካሉ ኦቦ ገመቹ ጥላቸውን ያጥፋሉ።

በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ በበቅሎ የሚለወጡ ሁለት ሞተሮች ነበሩ። አንደኛው የፎቶ አንሺው የአቶ ተካ ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ቀለሙ የተላላጠ። ቁርጥ የአባቴን ሞተር። ስቀመጥበት ሁለት እግሬ መሬት ነካ፤ እጄም የፍሬኑን ቦታ ሳይጠይቅ አገኘው።

ጋሼ ተሰማ ዙሪያውን ዞሩት። «ጎድኑ ተቆጥሮ ያልቃል» አሉ። «የክረምት ሣር ያልቀመሰ ከሲታ።»

አቶ ተካ አስነሣው። ሳል አለ፤ ደግሞ ሳል አለ፤ ከዚያ ተንጣጣ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ጉንፋን አይደለም፤ ሳንባ ነው» አሉ ጋሼ ተሰማ፤ እናም ተያይዘን ወጣን።

ሁለተኛው የግሪኩ የሙሴ ያኒ ነው። ሙሴ ያኒ ዳሪሙ ውስጥ የቡና መሬት ይዘው ነበር፤ እዚያ ደግሞ ከእግር መንገድ በቀር የለም፤ ስለዚህ በቅሎ ይፈልጋሉ። ሞተራቸውን ከቡና መጋዘናቸው ውስጥ እየገፉ ሲያወጡት ሁላችንም ቦታ ለቀቅንለት። ሞተር አትበሉት። ጀርባዋ ሰፊ፣ ሆዷ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ መሪዋ እንደ ሰንጋ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ መቀመጫዋ ሁለት ሰው ተቀምጦባት ሦስተኛው «ጠጋ በሉልኝ» ቢል የማያሳፍረው። እግር የሚቀመጠው ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው፤ ልክ ግብር እንደሚበላ መኮንን።

«በሬዱ ዳ» አሉ ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ፤ ቆንጆ ናት ማለታቸው ነው። ጋሼ ተሰማ አለመቃወማቸው ራሱ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

«ዕድሜዋ?» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ጥርሷን አሳዩኝ።»

ሙሴ ያኒ ትንሽ አሰቡና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ብረት አሳዩ። ጋሼ ተሰማ አጎንብሰው በጣታቸው ዳበሱት። «አልተበላም። ወጣት ናት። አባቷ ማነው?»

«እንግሊዝ።»

«እናቷስ?»

ሙሴ ያኒ ግራ ተጋቡ። «እናት የለም። ፋብሪካ ነው።»

«ተወው ተሰማ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «በቅሎም አባትሽ ማነው ሲሏት አጎቴ ፈረስ ነው ትላለች። ዘሯን ሳይሆን እርግጫዋን ጠይቅ።»

«ትራገጣለች?»

«በፍጹም። እሱ በጣም ጨዋ ነው» አሉ ሙሴ ያኒ፤ ማስነሻውን ፔዳል አሳይተውም «ይርገጡት» ብለው ጋበዟቸው። ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ረገጡት። ፔዳሉም መልሶ ረገጣቸው። ቅልጥማቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱና የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሡም። ቀስ ብለው «ትራገጣለች» ሲሉ ፈረዱ።

የምትራገጥ በቅሎ አትገዛም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሙሴ ያኒ አስነሡዋት። አላሳለችም። አልተንጣጣችም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አለች፤ ቀስ ብላ፣ ከሆዷ ውስጥ። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰጋር ናት» አሉ።

ሰጋር በቅሎ ማለት ስትሄድ የተቀመጠባትን ሰው የማታናጥ ናት። እንዲህ ያለችውን በቅሎ የሚፈትኗት ጠጅ በሞላ ብርሌ ነው፤ ነጂው ብርሌውን ይዞ ይሄዳል፤ ጠጁ ካልፈሰሰ ሰጋርነቷ ተመሰከረ። ኦቦ ገመቹ ይህ ፈተና ካልተደረገ ወይ ፍንክች አሉ። ብርሌ ከነጠጁ መጣ። ከሙሴ ያኒ ኋላ ተፈናጠጡና ገበያውን ዞረው ተመለሱ። ብርሌው ባዶ ነው።

«ፈሰሰ?» አሉ ጋሼ ተሰማ፤ ደስ ያላቸው መሰሉ።

«ኤዬ፣ አዎን። ወደ ውስጥ» አሉ ኦቦ ገመቹ አፋቸውን እየጠረጉ። «መሬት ግን ጠብ አላለም።»

እዚህ ላይ አንድ የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ መናገር ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ለእኔ የሚሆነው የአቶ ተካ ከሲታ እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ግን ተቀመጥኩባት። እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁ፤ ቀንዷን ያዝኩ፤ በዋናው መንገድ ሳልፍ፣ የጎሬው ጸሐፊም ከተቀመጠበት ሆኖ በዓይኑ ሲከተለኝ ታየኝ። እግሬ የሚነካው መሬት ሳይሆን አየር መሆኑን ያኔውኑ አይቻለሁ። ማየት ግን አንድ ነገር ነው፤ ልብን መስማት ሌላ ነው። «ይህችን» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ለሁለቱም ወገን ዋስ ሆኑ፤ እርጥብ ሣር ነጭተው ከሎሚ ልጓምና ከሞተሯ መሪ ላይ አሰሩ፤ መረቁም። ሎሚ ወደ ሙሴ ያኒ ግቢ ሄደች። አንዴ ዞር ብላ አየችን።

ወደ ቤት የነዳኋትን መንገድ በአጭሩ ልለፈው። መሄዱ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ መቆሙ ነው። አጥራችን በር ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆመች፤ እግሬን ሰደድኩ፤ መሬቱ እስከ ዛሬ የነበረበት ቦታ ላይ የለም። አልወደቅንም። ተኛን። እንደ ደከማት ላም ቀስ ብላ በጎኗ ጋደም አለች፤ እኔም አብሬያት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

«ተዋት፤ ደክሟት ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ። ለአራት አነሣናት።

ጋሼ ተሰማ እያነከሱ መጥተው ሆዷን በመዳፋቸው ነኩና እጃቸውን መለሱ። «አልቧታል» አሉ። «ምነው እንዲህ ጋለብሻት? ላብ የያዛት ከብት ብርድ ከመታት እኮ አለቀላት።» እኔ ከጉልበቴ ላይ ጭቃ ስጠርግ እሳቸው ጓዳ ገቡና የሎሚን ግላስ ይዘው ወጡ። ይህ ግላስ እማዬ ሙሽራ ሆና በበቅሎ ስትመጣ የተቀመጠችበት፣ ቀይ ሐር የተጠለፈበት፣ ለጥምቀት ካልሆነ የማይወጣ የበቅሎ ልብስ ነው። ከመቀመጫዋ እስከ ጭስ ማውጫዋ አለበሷት። ጥሎባቸው ለከብት ርኅሩኅ ናቸው።

«ምን ይሸታል?» አለች እማዬ ከቤት ውስጥ።

የጋለ ብረትና ሐር ምን እንደሚያደርጉ እኔም የዚያን ቀን ተማርኩ። ኦቦ ገመቹ ግላሱን ጎትተው ጣሉት፤ ጋሼ ተሰማ ባገኙት አጠፉት፤ ያገኙት ደግሞ የጎረቤታችን ጠላ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየች። አልጮኸችም። የተረፈውን ግማሽ አነሣች፤ አራግፋ አጠፈችው፤ ይዛው ገባች። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሻሽ ጋሼ ተሰማ ሌላ ሥጋት ያዛቸው። አዲስ በቅሎ የመጀመሪያዋን ሌሊት ካልታሰረች ወደ ጌታዋ ቤት ትመለሳለች። «ሞተር ብቻዋን አትሄድም» አልኳቸው። «ሎሚም ስትገዛ እንዲሁ ብለውኝ ነበር» አሉ። እርጥብ የቆዳ ጠፍር አመጡና ያንን የረገጣቸውን ፔዳል ከምሰሶው ጋር ጠፍረው አሰሩት። በእኔ ሞተር የእማዬ ግላስ ከተቃጠለ በኋላ በገመድ ለመከራከር ምን አፍ አለኝ?

እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። ቅዳሜ ጠዋት ፔዳሉ ወደ ምሰሶው ተጣሞ አገኘሁት። ፈትቼ አንድ ጊዜ ረገጥኩት፤ ተሰብሮ ከጫማዬ ሥር ቀረ። እሱን በእጄ ይዤ ቀና ስል ከአጥሩ በር ውጭ አንድ የማውቀው ጆሮ አየሁ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሎሚ ናት። ሙሴ ያኒ አላሰሯትም፤ ሌሊቱን በገዛ እግሯ ወደ ቤቷ መጥታለች።

ጋሼ ተሰማ ቅልጥማቸውን እንደ ጠቀለሉ ከኦቦ ገመቹ ጋር ደረሱ። ሎሚን አዩ፤ ተያዩ። «ጌታዋን አልለቀቀችም» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ሰንበት ሳያልፍ የተመለሰች በቅሎ ውል ታፈርሳለች። ሎሚ ለእኛ፣ ሞተሯ ለሰውዬው። ደንቡ ይኸው ነው።»

«ኤዬ። ደንቡ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ። በዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ያውም በእኔ ላይ። ከታች በኩል ደግሞ ሙሴ ያኒ ባዶ ልጓም አንጠልጥለው ዳገቱን ሲወጡ ይታያሉ።

ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ቁልቁለት ያለው ሰው ፔዳል አያሻውም ይል ነበር። ደጃችን ደግሞ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ቁልቁለት ነው። ግን አንዴ ከተነሣች በኋላ መቆም የለም፤ ሜዳ ላይ ከቆመች የሚያስነሣት ፔዳል እጄ ላይ ነው። ሞተሯን ወደ በሩ መግፋት ጀመርኩ። ጋሼ ተሰማ የኋላዋን ይዘው ቀሩ። «ልጄ፣ እኔ በደንቡ አልቀልድም» አሉ።

እማዬ ከቤት ወጣች። የተረፈውን የግላስ ግማሽ ይዛለች። መቀመጫው ላይ አነጠፈችው፤ ጫፎቹን ወደ ሥር ሸጎጠች።

«ተሰማ፣ ልቀቃት» አለች።

«ውሉስ?»

«ሎሚን እኔ ራሴ መልሼ እወስድለታለሁ። ማሰር የማያውቅ እንደሆነ አሳየዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያን የጎሬውን ጸሐፊ እኔም ሲቀመጥ አይቼዋለሁ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገፋች። ኦቦ ገመቹም ዋስነታቸውን ትተው ገፉ። ጋሼ ተሰማ አልገፉም፤ ግን ሳይለቁ ስለሮጡ ከሁሉም የበለጠ የገፉት እሳቸው ናቸው። ዱብ አለች። ዱብ፣ ዱብ አለች። ሙሴ ያኒ ልጓማቸውን እንደያዙ ወደ ቦዩ ዘለሉ፤ እኔም አለፍኳቸው።

አቶ ግርማ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ከጎሬ የመጣው ባለ ብስክሌት የሱሪውን ጫፍ በካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ የክትባቱን ሳጥን ብስክሌቱ ላይ እያሰረ ነው።

«ቁሚ» አሉ አቶ ግርማ።

«አልችልም» አልኩ፤ አለፍኩም።

ገበያው ዋርካ ድረስ ሄጄ ዞርኩ። ሰፊ ሞተር ስትዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ አንዲት ሴት ቃሪያዋን ከነጆንያው ጎትታ አሳለፈችኝና የልቧን ነገረችኝ። ተመለስኩ።

«የተነጋገርነው እኮ እንድትቆሚ ነው» አሉ አቶ ግርማ ወደ መንገዱ ወጥተው።

«ከቆምኩ አትነሣም።»

«ታዲያ የት ልትቆሚ ነው?»

«ሁሩሙ» አልኩ፤ ደግሞ አለፍኩ።

ከቤታችን ዳገት ሥር ደርሼ ስዞር እማዬን አየኋት። ሎሚን ትስባለች፤ ሙሴ ያኒ ከጎኗ ናቸው፤ እሷ በአየር ላይ በእጇ ቋጠሮ ታሳያለች፤ እሳቸው በልጓሙ ይሞክራሉ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አጥር ላይ ወጥቷል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ብስክሌቱ ላይ ሳጥን የለም። ባለ ብስክሌቱ የተፈታ ገመድ ይዞ ቆሟል። አቶ ግርማ ሳጥኑን ታቅፈው፣ ጋዋናቸው እየተውለበለበ፣ እኔ በምሄድበት አቅጣጫ ቀድመው መሮጥ ጀምረዋል። ስደርስባቸው ማንገቻውን በአንገቴ አጠለቁልኝ።

«መርፌውን አፍልተሽ» አሉ እያለከለኩ። «በደንብ አፍልተሽ።»

«እሺ» አልኩ።

የሶርን ድልድይ ተሻገርኩና የሁሩሙን ዳገት ያዝኩ።